ረጅም የጎማ ብሎን በአሮጌ መኪና ላይ፦ ከጣርማበር ቁልቁለት እስከ ሸዋ ሮቢት

(በመካኒካል ምህንድስና ትምህርት ክፍል ለሕዝብ ክፍት ሆኖ የተሰጠ ንግግር፤ ከድምፅ ቅጂ ወደ ጽሑፍ የተመለሰ)



በእጄ የያዝሁትን ነገር ከኋላ የተቀመጣችሁ አታዩት ይሆናል። የጎማ ብሎን ነው። ርዝመቱ ከአመልካች ጣት አይበልጥም፤ ውፍረቱ 12 ሚሊ ሜትር ነው። አንድ አሮጌ ባለአራት ብሎን አውቶሞቢል ከመንገዱ ጋር የሚገናኘው እንዲህ ባሉ 16 ብረቶች አማካይነት ነው። ሞተሩ ቢጠፋ መኪናው ይቆማል፤ ፍሬኑ ቢደክም ማርሽ ይረዳል። እነዚህ ሲላሉ ግን ጎማው ብቻውን ይሄዳል፤ ወዴት እንደሚሄድም የሚወስነው ቁልቁለቱ ነው።

ለዚህ ንግግር መነሻ የሆነኝ የአንድ ሰው ጥያቄ ነው። ሰውዬው ባለሁለት በር የድሮ ዳትሰን የስፖርት መኪና አለው። ኑሮው አዲስ አበባ ሲሆን ቤተ ሰቦቹ በይፋት ቆላ ናቸው፤ በየበዓሉ በደብረ ብርሃን፣ በጣርማበርና በደብረ ሲና አድርጎ ወደ ሸዋ ሮቢት ይወርዳል። የብረቱን ቸርኬ አውጥቶ ሰፊ የአሉሚኒየም ቸርኬ አስገጠመ። ቸርኬው ከፍሬኑ ጋር እንዳይነካካም በመካከል 10 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ስፔሰር አስገባ። ከዚያ በኋላ ዳዶው የሚይዘው ጥርስ አነሰበት። «ረጅም ብሎን ላስገባ ወይ? ቢረዝም ይበልጥ ይጠነክራል አይደለም?» ሲል ጠየቀኝ።

ለመጀመሪያው ጥያቄ መልሱ «አዎን» ነው። ለሁለተኛው «እንደ ሁኔታው ነው»። የዛሬው ንግግሬ በእነዚህ በሁለቱ መልሶች መካከል ያለውን ርቀት የሚመለከት ነው።

በቅድሚያ የስፖርት መኪና በይፋት ምን ጉዳይ አለው ለምትሉ አንድ ቃል ልበል። በሸዋ ሮቢት መንገድ ላይ ቆማችሁ ብትመለከቱ የምታዩት ሽንኩርትና ማሾ የጫነ አይሱዙ፣ ሰው የሞላ ሚኒባስና ቅጥቅጥ፣ በየመሃሉም የሚሽሎከሎክ ባጃጅ ነው። የስፖርት መኪና ብርቅ ነው። ሆኖም ከዳትሰኑ ጋር አንድ የሚያደርጋቸው ነገር አለ፤ አብዛኞቹ አሮጌ ናቸው፣ የሚጠገኑትም በተገኘው ዕቃ ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ያገለገለ መኪና ማስገባትን እጅግ ውድ አደረገው። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መንግሥት ወሰነ። የውሳኔው ጥቅምና ጉዳት ለሌላ አዳራሽ ይቆየን። ለእኛ ሙያ ያለው ትርጉም ግን ግልጽ ነው፦ ዛሬ በመንገድ ላይ ያለው አሮጌ መኪና ለብዙ ዓመት በመንገድ ላይ ይቆያል፤ ከአንዱ መኪና ወጥቶ ወደ ሌላው የሚገባው ብሎንም ይበዛል።

አሁን ወደ ብሎኑ። ተማሪዎቼን በየዓመቱ «የጎማ ብሎን ሥራው ምንድን ነው?» ብዬ እጠይቃለሁ። ከአሥሩ ስምንቱ «የመኪናውን ክብደት ይሸከማል» ይሉኛል። ግድግዳ ላይ እንደ ተመታ ምስማር፣ ቸርኬው እንደ ጋቢ የተንጠለጠለበት አድርገው ያስቡታል ማለት ነው። እንዲህ ቢሆን ኖሮ ብሎኑ በየዙሩ ወዲያና ወዲህ እየታጠፈ በአጭር ጊዜ በተበጠሰ ነበር። እውነቱ ሌላ ነው። ዳዶው ሲጠብቅ ብሎኑ እንደ ጅማት ይለጠጣል፤ ተለጥጦም ቸርኬውን ከሀቡ ፊት ጋር ያጣብቀዋል። ክብደቱንም የፍሬኑንም ኃይል የሚሸከመው በሁለቱ ፊቶች መካከል ያለው ሰበቃ ነው። ብሎኑ ጨባጭ እንጂ ተሸካሚ አይደለም።

ቁጥሩን እንየው። በቶዮታ መኪኖች የተለመደውን ኤም 12 በ1.5 ብሎን ውሰዱ፤ የመጀመሪያው ቁጥር ውፍረቱ፣ ሁለተኛው ከጥርስ እስከ ጥርስ ያለው ርቀት ነው፣ ሁለቱም በሚሊ ሜትር። ዳዶውን በ100 ኒውተን ሜትር ብናጠብቀው፣ ለደረቅ ጥርስ የሚሠራበትን 0.2 የሰበቃ አሃዝ ይዘን፣ 100 ለ0.2 ሲካፈል፣ ውጤቱም ለ0.012 ሜትር ሲካፈል 41,700 ኒውተን ያህል ይመጣል። ከአራት ቶን በላይ ክብደት በዚህች ጣት በምታህል ብረት ላይ ተንጠልጥሏል ማለት ነው፤ መኪናው ገና ከክሪክ ሳይወርድ! አራቱ ብሎኖች በአንድነት 167 ኪሎ ኒውተን ይጨብጣሉ። በሁለቱ ፊቶች መካከል ያለውን የሰበቃ አሃዝ 0.15 ብንል፣ ቸርኬው ሳይንሸራተት መቋቋም የሚችለው 25 ኪሎ ኒውተን ገደማ ይሆናል።

«ለአንድ ቶን መኪና ይህ ከበቂም በላይ ነው» እንዳትሉ። በፍሬን ጊዜ ጎማው ከአስፋልቱ የሚቀበለው ኃይል 3 ኪሎ ኒውተን ቢሆን፣ ያ ኃይል የሚሠራው ከመሃል 30 ሳንቲ ሜትር ርቆ ነው። ብሎኖቹ ግን ከመሃል የሚርቁት 57 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። በአጭሩ ክንድ ላይ ያው ኃይል ከአምስት እጥፍ በላይ አድጎ 15.7 ኪሎ ኒውተን ይደርሳል። ስለዚህ ያለን ትርፍ 25 ከ15.7 ጋር ሲነጻጸር ነው። ይህን ንጽጽር በአእምሯችሁ ያዙልኝ፤ ተመልሼ እመጣበታለሁ።

ርዝመት እዚህ ላይ ይገባል። ውጥረቱን ለብሎኑ ስፋት፣ ማለትም ለ88 ካሬ ሚሊ ሜትር ስናካፍለው 473 ሜጋ ፓስካል ነው። ብረት በዚህ ጫና ሥር ከርዝመቱ ከሺህ 2.3 ያህል ይለጠጣል። የሚለጠጠው ክፍል 20 ሚሊ ሜትር ቢሆን ጭማሪው 0.046 ሚሊ ሜትር ነው፤ የአንድ የራስ ጠጉር ውፍረት ቢሆን ነው። አራቱን ቶን የያዘው ይህ መለጠጥ ነው። በቸርኬውና በሀቡ መካከል ቀለም ወይም ዝገት ቢኖር፣ ይህም በጉዞ ላይ ተፈርፍሮ 0.02 ሚሊ ሜትር ቢወጣ፣ የቸርኬውን የራሱን መጨመቅ ለጊዜው ትተን፣ ከውጥረታችን ከመቶ 43 እጁን አጣን። 25 የነበረው ወደ 14 ወረደ። በፍሬን ጊዜ የሚጠየቀው ደግሞ 15.7 ነበር። ቸርኬው መንሸራተት ጀመረ፤ ዳዶውን የነካው ሰው ግን የለም።

አሁን የሚለጠጠውን ክፍል 40 ሚሊ ሜትር እናድርገው። ጭማሪው 0.092 ይሆናል። ያው 0.02 ሲጠፋ የምናጣው ከመቶ 22 ገደማ ነው፤ የቀረው 19.5 ኪሎ ኒውተን ነው፣ ከ15.7 በላይ። ረጅም ብሎን ይጠነክራል የሚለው የጋራዥ ብልኀት መሠረት አለው የምለው ስለዚህ ነው። የሚበጠስበት ኃይል አልጨመረም፤ ውፍረቱ ያው ነው። የጨመረው ትዕግሥቱ ነው።

ነገር ግን ልብ በሉ፤ የሚቆጠረው ርዝመት ከብሎኑ መያዣ እስከ ዳዶው ያለው፣ የሚለጠጠው ክፍል ነው። ቸርኬው ያው ሆኖ፣ ስፔሰርም ሳይኖር ረጅም ብሎን ብታስገቡ፣ ከዳዶው አልፎ ወደ ውጭ የወጣው ጥርስ ምንም አይለጠጥም። ያ ትርፍ ብረት ጌጥ ነው፤ ምናልባትም የእግረኛ ልብስ ይቀድዳል።

ወደ ዳትሰኑ ስንመለስ ባለቤቱ ረጅም ብሎን ያስፈለገው ለሌላም ይበልጥ አስቸኳይ ለሆነ ምክንያት ነው። ዳዶ ቢያንስ የብሎኑን ውፍረት ያህል ጥርስ መያዝ አለበት፤ ለ12 ሚሊ ሜትር ብሎን 12 ሚሊ ሜትር። ጥርሱ 1.5 ከሆነ ስምንት ሙሉ ዙር፣ 1.25 ከሆነ አሥር ዙር ገደማ ማለት ነው። ጎሚስታው ዳዶውን በእጁ ሲያስገባ ቢቆጥር ያገኘዋል፤ መሣሪያ አያሻም። በፊት ልክ ስምንት ዙር ይይዝ በነበረ ብሎን ላይ 10 ሚሊ ሜትር ስፔሰር ሲገባ ከስድስት ዙር ተኩል በላይ ይበላል፤ የሚቀረው ከአንድ ዙር ተኩል ያነሰ ነው። እንዲህ ሆኖ የጠበቀ ዳዶ «ጠብቋል» የሚል ስሜት ለእጅ ይሰጣል፤ በመጀመሪያው ብርቱ ፍሬን ጥርሱ ይላጣል። ስፔሰር ያለ ረጅም ብሎን መግባት የለበትም የምለው ያለ ማወላወል ነው።

ረጅሙ ብሎን ከየት ይመጣ? የአገራችን ነገር የሚወሳሰበው እዚህ ላይ ነው። የዳትሰንና የኒሳን የጎማ ብሎን ኤም 12 በ1.25 ነው። የቶዮታ ኤም 12 በ1.5። በአገራችን የሞላው የቶዮታ ዕቃ ነው። በዚህ ላይ የአንዳንድ አሮጌ ኮሮላዎችና የአሮጌ ዳትሰኖች አራት ቀዳዳ በአንድ ዓይነት ክብ፣ በ114.3 ሚሊ ሜትር ላይ የተደረደረ ስለሆነ ቸርኬው ከአንዱ ወደ ሌላው ሊገባ ይችላል። ቸርኬው ስለ ገባ ዳዶውም የሚገባ ይመስላል። ይገባልም፤ አንድ ወይም ሁለት ዙር። በየዙሩ የሩብ ሚሊ ሜትር ልዩነት እየተጠራቀመ ስለሚሄድ ከዚያ በኋላ ይያዛል። የሠራው ሰው «ዝገት ነው» ብሎ ቱቦ ጨምሮ ቢገፋው ጥርስ ጥርስን እየበላ ይሄዳል፤ ጠበቀ ያሰኘው ይህ መበላላት ነው።

መለያው ቀላል ነው። የትምህርት ቤት ማስመሪያ በብሎኑ ጥርስ ላይ አጋድሙና በ15 ሚሊ ሜትር ውስጥ ስንት ጥርስ እንዳለ ቁጠሩ። አሥር ከሆነ 1.5 ነው፤ አሥራ ሁለት ከሆነ 1.25። እናንተ ተማሪዎች በዕረፍት ወደየቤታችሁ ስትሄዱ ይህን አንድ ነገር ለሠፈራችሁ ጎሚስታ ብታሳዩ፣ የእኛ ትምህርት ክፍል የዓመት በጀቱን አስመልሷል እላለሁ።

(ሳቅ)

ሁለተኛው መንገድ ቶርኖ ቤት ነው። የአገራችን የቶርኖ ባለሙያዎች በቅርጽ የማይሠሩት የለም፤ ርዝመቱን፣ ውፍረቱን፣ ጥርሱን ከናሙናው ሳታስለዩት ይሰጧችኋል። ችግሩ ቅርጹ ሳይሆን ብረቱ ነው። በብሎን ራስ ላይ የሚጻፉት 4.8፣ 8.8፣ 10.9 የሚሉት ቁጥሮች ትርጉም አላቸው። የመጀመሪያውን በመቶ ብታባዙ የሚበጠስበትን ጫና በሜጋ ፓስካል ታገኛላችሁ፤ ሁለተኛው ከዚያ ውስጥ ስንት አሥረኛ ሲደርስ ተለጥጦ እንደማይመለስ ይነግራል። የ4.8 ብሎን በ320 ሜጋ ፓስካል ተለጥጦ ይቀራል። እኛ የምንፈልገው ውጥረት 473 መሆኑን አስታውሱ። ስለዚህ ከተራ ብረት የተቆረጠ ብሎን ምንም ያህል ውብ ቢሆን፣ በትክክለኛው ቶርክ ሲጠብቅ እንደ ጭቃ ይሳባል፤ ውጥረቱም አይቆይለትም። በፋብሪካ የተሠራ የጎማ ብሎን በሙቀት የጠነከረ ነው፤ ጥርሱም ተቆርጦ ሳይሆን በመዳመጥ የተሠራ በመሆኑ የብረቱ ውስጣዊ ሥር አልተበጠሰም። በቶርኖ የተቆረጠ ጥርስ ሥሩ ላይ ስንጥቅ የሚጀምርበት ሹል ቦታ ይኖረዋል። ለጋሪ፣ ለወፍጮ፣ ለውሃ ፓምፕ ቶርኖ ቤት ይባረክ! ለጎማ ብሎን ግን ከወደቀ ተመሳሳይ መኪና ላይ የወጣ የፋብሪካ ብሎን፣ ጥርሱ ጤነኛ እስከ ሆነ ድረስ፣ ከአዲስ የቶርኖ ብሎን ይመረጣል።

ስለ አገባቡ ጥቂት ልናገር። አሮጌው ብሎን ከሀቡ የሚወጣው በፕሬስ ተገፍቶ ነው። በመዶሻ መምታት የተለመደ ነው፤ ምቱ ግን በሀቡ አልፎ ኩሽኔታው ላይ ያርፋል፤ የኩሽኔታው ኳሶች በቀለበቱ ላይ ጥቃቅን ጉድጓድ ይተዋሉ፤ ከወር በኋላ የሚያጉረመርም ድምፅ ሲመጣ ማንም ከመዶሻው ጋር አያገናኘውም። አዲሱ ብሎን አንገቱ ላይ ዙሪያውን የተቦረቦረ ክፍል አለው፤ ያ ክፍል ከሀቡ ቀዳዳ በጥቂት አሥረኛ ሚሊ ሜትር መስፋት አለበት፤ ነክሶ የሚይዘው እርሱ ነውና። ከጠበበ ብሎኑ ከዳዶው ጋር አብሮ ይዞራል። ከሰፋ ቀዳዳውን ይሰነጥቃል። ፕሬስ በሌለበት ሮንዴላዎችን ደርድሮ በአሮጌ ዳዶ እየሳቡ ማስገባት ይቻላል፤ ዳዶው ያኔ የሚችለውን አገልግሎት ጨርሷልና ለጎማ እንዳይመለስ። የብሎኑ ራስ ከሀቡ ጀርባ ጋር ያለ ክፍተት መግጠሙን በዓይን ማየት ግድ ነው፤ ትንሽ ክፍተት ከቀረ በመጀመሪያው መቶ ኪሎ ሜትር ውስጥ ገብቶ ይጨርስና ዳዶው ይላላል።

አንድ ረቂቅ ወጥመድ አለ። ብዙ ዳዶ ጫፉ የተደፈነ፣ ኮፍያ ያለው ነው። ብሎኑ ሲረዝም ጫፉ የኮፍያውን ጣራ ይነካል። ቶርክ ሬንቹ «ቀጭ» ይላል፤ ሠራተኛው ረካ፤ ቸርኬው ግን አልተጨበጠም፣ ዳዶው የጨበጠው ራሱን ነው። ረጅም ብሎን ከገባ ዳዶው ጫፉ ክፍት መሆን አለበት። የዳዶው ጉንጭ ዓይነትም ከቸርኬው ቀዳዳ ጋር መግጠም አለበት፤ ሾጣጣ ለሾጣጣ፣ ጠፍጣፋ ለጠፍጣፋ።

ቶርክን በተመለከተ አንድ ስሌት ብቻ ልጨምር። 70 ኪሎ የሚመዝን ረዳት በ40 ሳንቲ ሜትር የጎማ መፍቻ ጫፍ ላይ ቆሞ ቢረግጥ 274 ኒውተን ሜትር ይሰጣል። እኛ የጠየቅነው 100 ነበር። በንጹሕ ጥርስ ላይ ይህ ብሎኑን በጥሶት በሄደ፤ በአብዛኛው የማይበጠሰው ዝገቱ ግማሹን ኃይል ስለሚበላው ነው። ዝገት የሰው ሕይወት የሚያተርፍበት አጋጣሚ ይህ ሳይሆን አይቀርም። በተቃራኒው «እንዳይዝግ» ብሎ ጥርሱን ዘይት የሚቀባ አለ። ዘይት የሰበቃውን አሃዝ ከ0.2 ወደ 0.15 ሲያወርደው፣ በዚያው በ100 ኒውተን ሜትር ውጥረቱ ወደ 630 ሜጋ ፓስካል ይወጣል፤ የ8.8 ብሎን የመጨረሻው ደጅ 640 ነው። ለዚህ ነው የአምራቾች የቶርክ ቁጥር በአመዛኙ ለንጹሕና ለደረቅ ጥርስ ነው የሚባለው።

ስለ ቁልቁለቱ እንነጋገር፤ ዳትሰኑን ከሌላ አገር ዳትሰን የሚለየው እርሱ ነውና። በጣሊያን ወረራ ዘመን የተሠራው የጣርማበር ዋሻ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። ሸዋ ሮቢት 1,280 ሜትር ገደማ ናት። ሃምሳ ኪሎ ሜትር ገደማ በሚሆን ጉዞ መኪናው 1,800 ሜትር ያህል ይወርዳል። አንድ ቶን መኪና በዚህ ውስጥ የሚያጣው ጉልበት 17.6 ሚሊዮን ጁል ነው፤ ከሁለት ጀሪካን ተኩል በላይ ውሃ ከ20 ዲግሪ ወደ 100 ዲግሪ ያፈላል። ማርሽና ነፋስ ግማሹን ቢወስዱ፣ ግማሹ በዲስክና በታምቡር አልፎ ወደ ሀብ፣ ወደ ብሎንና ወደ ቸርኬ ይሄዳል። ከደብረ ሲና ብርድ ወጥታችሁ ይፋት ቆላ ስትገቡ አየሩ ራሱ ሞቃት ስለሆነ ማቀዝቀዣችሁ ደክሟል።

አሉሚኒየም በሙቀት የሚያብጠው ብረት ከሚያብጠው ሁለት እጥፍ ሊደርስ ትንሽ በቀረው መጠን ነው። ስለዚህ ሲሞቅ የአሉሚኒየሙ ቸርኬ ብሎኑን ይበልጥ ይለጥጠዋል፤ ውጥረቱ ይጨምራል። ይህ ጥሩ ይመስላል። ግን የዳዶው ጉንጭ በለስላሳው አሉሚኒየም ውስጥ በጥቂቱ ይሰምጣል፤ ሲቀዘቅዝ የሰመጠው አይመለስምና ውጥረቱ ከመነሻው በታች ይሆናል። እዚህ ላይ የብሎኑ መርዘም በሙቀቱ መዛባት ረገድ አይረዳም፤ የሚለጠጠው ብሎንና የሚያብጠው ቸርኬ አብረው ስለሚረዝሙ ንጽጽሩ ያው ነው። በመስመጡ ረገድ ግን ይረዳል፤ የሰመጠው መጠን ከጠቅላላው መለጠጥ ሲነጻጸር ያንሳልና።

ከዚህ የሚወጣ የተግባር ነገር አለ። ሾፌሮች ቁልቁለቱን ጨርሰው ሸዋ ሮቢት ሲደርሱ ጎማ ማስፈተሽ ይወዳሉ፤ መልካም ልማድ ነው። ነገር ግን ቸርኬው በእጅ እስከማይነካ ድረስ ሞቆ ሳለ የጠበቀ ዳዶ፣ ማታ ሲቀዘቅዝ ይላላል። የጠበቀው ያበጠ ቸርኬ ላይ ነበርና። ምሳ በልቶ፣ ቡና ጠጥቶ፣ ቸርኬው ሲበርድ ማስጠበቅ ይሻላል። አዲስ ብሎን ወይም አዲስ ቸርኬ የገባለት መኪና ደግሞ ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር እንደ ሄደ እንደገና መፈተሽ አለበት። ከደብረ ብርሃን የተነሣ ሰው ሸዋ ሮቢት ሲደርስ ይህ ርቀት ይሞላል፤ መልክዐ ምድሩ ራሱ የፍተሻ ጣቢያ ሠርቶልናል።

የዳትሰን ነገር ከተነሣ አይቀር፣ የዚህ ፋብሪካ 240 ዜድ የተባለው የስፖርት መኪና እ.ኤ.አ. በ1971 እና በ1973 የምሥራቅ አፍሪካን ሳፋሪ ውድድር አሸንፏል። በጎረቤታችን በኬንያና በአካባቢዋ ጭቃና ድንጋይ ላይ ማለት ነው። ስለዚህ «ይህ መኪና ለእኛ መንገድ አልተሠራም» የሚለውን አልቀበልም። መኪናው ይችላል፤ ጥያቄው ሃምሳ ዓመት ከሞላው በኋላ በማን ብሎን ቆሟል የሚለው ነው።

ለባለቤቱ የሰጠሁት ምክር ይህ ነበር፦ ስፔሰሩን መተው ከተቻለ ይተው፤ የጎማውን ጫና ከኩሽኔታው ስለሚያርቅ ኩሽኔታውን ያደክመዋል። ካልተቻለ 10.9 የተጻፈበት፣ ጥርሱ 1.25 የሆነ፣ ከቀድሞው በ10 ሚሊ ሜትርና በአዲሱ ቸርኬ የውፍረት ጭማሪ ልክ የረዘመ የፋብሪካ ብሎን ለአራቱም ጎማ በአንድ ጊዜ ያስገባ፤ ዳዶውን ክፍት ያድርግ፤ የሀቡን ፊት በሽቦ ብሩሽ ከዝገትና ከቀለም ያጽዳ። ብሎኑን በውጭ አገር ባለ ዘመዱ በኩል አስመጣ። 16 ብሎን ከአንድ ጥንድ ጫማ ክብደት ብዙም አይበልጥም።

ጥያቄ ካለ በደስታ እቀበላለሁ።

ጥያቄ (ከተማሪ)፦ በውድድር መኪኖች ላይ ብሎኑ ከዳዶው ብዙ ወጥቶ ይታያል። ትርፉ ጌጥ ነው ካሉ እነርሱ ለምን ያደርጉታል?

መልስ፦ ጥሩ ጥያቄ ነው። እዚያ ያለው ጉዳይ የጊዜ ነው። የብሎኑ ጫፍ ጥርስ የሌለው፣ እንደ ጥይት የሾለ ይሆናል፤ ቸርኬው ሲሰቀል ይመራዋል፤ ዳዶውም በአየር በሚሠራ መፍቻ ሲገባ ሳይዛነፍ ጥርሱን ያገኛል። ከዚያም ሌላ ተቆጣጣሪው ከሩቅ ሆኖ ዳዶው ሙሉ ጥርስ መያዙን ያያል። በመኖሪያ ሠፈር ማንም ጎማ በሦስት ሰከንድ አይቀይርም። ሆኖም ጫፉ ከዳዶው ሁለት ሦስት ጥርስ ብቅ ማለቱን እኔም እወደዋለሁ፤ ሙሉ መያዙን ያሳየኛልና።

ጥያቄ (ከጋራዥ ባለሙያ)፦ በአሮጌ አይሱዙ የግራ ጎማ ብሎን በግልባጭ ነው የሚፈታው። ረዳቶች ሳያውቁ እየበጠሱ ያስቸግሩናል። ይህ ለምን ሆነ?

መልስ፦ እርስዎ ያነሡት በመንገዳችን ላይ ከዳትሰኑ ይልቅ የሚያሳስብ ነው። በቀድሞው የጃፓን የጭነት መኪና ደረጃ የግራ ጎማዎች ብሎን ጥርስ ወደ ግራ የሚዞር ነው። ሐሳቡ፣ ዳዶ በትንሹ ሲላላ ጎማው በሚዞርበት ጊዜ የመፈታት ዝንባሌ ስለሚኖረው፣ ጥርሱን ገልብጦ ዝንባሌውን ወደ መጥበቅ ለማዞር ነው። በኋላ የመጣው ዓለም አቀፍ ደረጃ በሁለቱም ወገን ቀኝ ጥርስ ነው፤ አምራቾች በግልባጭ ጥርስ ሳይሆን በበቂ ውጥረት መተማመንን መርጠዋል። ዛሬ በአንድ ከተማ ሁለቱም ዓይነት አብረው ይሠራሉ፤ ለዚህ ነው የሚበጠሰው። የግራ ጥርስ ባለው ብሎን ጫፍ ላይ ብዙ ጊዜ «ኤል» የምትባለው የላቲን ፊደል ተቀርጻ ትገኛለች፤ ቆሻሻውን በጨርቅ ጠርገው ያሳዩአቸው። ፊደሏ ጠፍታ ከሆነ የጥርሱን ዘንበል ያለ አቅጣጫ አይቶ መለየት ይቻላል። በጥንድ ጎማ ላይ ደግሞ የውስጡና የውጩ ዳዶ የተለያየ ስለሆነ፣ የውጩን ብቻ አጥብቆ መሄድ የውስጡን ላልቶ እንደ መተው ነው፤ የውጩን ፈትቶ የውስጡን ማጥበቅ፣ ከዚያ የውጩን መመለስ ያስፈልጋል።

ጥያቄ (ከተማሪ)፦ ብሎኑ በሀቡ ውስጥ አብሮ ሲዞር ከጀርባ በብየዳ ነካ ማድረግ ምን ችግር አለው?

መልስ፦ የ10.9 ብሎንን የ10.9 ያደረገው በፋብሪካ ያለፈበት ሙቀትና ማቀዝቀዝ ነው። የብየዳ እሳት ያንን በጥቂት ሰከንድ ያጠፋዋል፤ በብየዳው ዙሪያ አንዱ ቦታ ለስላሳ፣ አንዱ ቦታ እንደ ሸክላ ተሰባሪ ይሆናል። የሚበጠሰውም ከራሱ ሥር፣ ከሀቡ ጀርባ፣ ማንም በማያየው ቦታ ነው። ቀዳዳው ሰፍቶ ከሆነ አንገቱ የሚሰፋ ሌላ ብሎን ይፈለጋል፤ እርሱ ካልተገኘ ሀቡ ይለወጣል። ሀብ ውድ መሆኑን አውቃለሁ። ሀብ እስኪገኝ መኪናው ቢቆም ይሻላል፤ ቢያንስ ከጣርማበር ወዲህ ማዶ።